ወንድ ለምን የጡት ጫፍ ኖረው? ከቺካጎ ቄራ እስከ ቦስተን ሆስፒታል

«ቲቸር፣ ወንድ አያጠባ፤ የጡት ጫፍ ምን ያደርግለታል?»

ይሄን ጥያቄ የሚያነሳ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ክፍሉ ይስቃል፣ ጠያቂውም አብሮ ይስቃል። ጥያቄው ግን የቀልድ አይደለም። መልሱን ለማግኘት ሳይንስ ቄራ ገብቷል፣ ጥንቸል ማህፀን ውስጥ ቀዶ ጥገና አድርጓል፣ አይጥ ላይ ዓመታት ፈጅቷል። በዚሁ ዘመን ሐኪሞች ያልገባቸውን ነገር እንደገባቸው ቆጥረው በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ነፍሰ ጡሮች መድኃኒት ሰጥተዋል። ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ ያኔ ገና ያልተወለዱ ልጆች ናቸው።

ዛሬ ይሄን ታሪክ ላካፍላችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

▪️ መካኗ ጊደር

የእንግሊዝ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ አንድ ነገር ያውቁ ነበር። ላም መንታ ወልዳ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት ከሆኑ፣ ወንዱ ጤነኛ ወይፈን ይሆናል፤ ሴቷ ግን አብዛኛውን ጊዜ መካን ናት። ኮርማ አትፈልግም፣ አትወልድም፣ አትታለብም። «ፍሪማርቲን» ይሏታል።

በ1779 ስኮትላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ጆን ሀንተር እንዲህ ያሉ ጊደሮችን አካል ከፍቶ መርምሮ ያየውን ጻፈ። ከውጪ ሲያዩአቸው ሴት ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን የሴትም የወንድም የማይባል ድብልቅ ነው። ምክንያቱን ግን እሱም አልደረሰበትም።

ከዚያ ወደ 140 ዓመት ገደማ አለፈ። አሁን ያለነው ቺካጎ ነው፣ የዚያን ጊዜዋ የአሜሪካ የሥጋ ከተማ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ተመራማሪ ፍራንክ ሊሊ እርጉዝ ሆነው ከታረዱ ላሞች ማህፀን የሚወጡ መንታ ጽንሶችን ከቄራ ያስመጣ ነበር። ጽንሶቹን ብቻ ሳይሆን የእንግዴ ልጃቸውንም በጥንቃቄ መረመረ።

ያገኘው ነገር ቀላል ግን አስደናቂ ነበር። የሁለቱ መንታዎች የእንግዴ ልጅ ተጣብቆ የደም ሥሮቻቸው ተገናኝተዋል። የወንድሟ ደም ወደ እህቱ ይገባል። የደም ሥሮቹ ሳይገናኙ የቀሩ ከሆነ ደግሞ ሴቷ ጤነኛ ናት! ሊሊ በ1916 እና በ1917 ባወጣቸው ጽሑፎች እንዲህ ሲል ደመደመ፦ ከወንዱ የዘር ፍሬ የሚመነጭ አንድ ነገር በደም ተጉዞ የእህቱን አካል ይቀይራል። ሁለት ኦስትሪያውያን፣ ታንድለርና ኬለር፣ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ወደዚሁ ሐሳብ ደርሰው ነበር።

እስቲ አስቡት፤ «ሆርሞን» የሚለው ቃል ራሱ የተፈጠረው በ1905 ነው። ሊሊ ሲጽፍ ቃሉ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነው። እንግዲህ ከጽንሱ ውጪ የሚመጣ፣ በደም የሚጓዝ ኬሚካል የጽንስን አካል ሊቀይር እንደሚችል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

▪️ የፓሪስ ጥንቸሎች

ወደ ፓሪስ ከመሄዳችን በፊት ትንሽ ባዮሎጂ።

ማንኛችንም በእናታችን ማህፀን ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ስንታይ ወንድና ሴት አንለይም። ክሮሞሶማችን ይለያያል እንጂ አካላችን አንድ ነው። ሁላችንም ሁለት ጥንድ ቱቦ ይዘን እንነሳለን። አንደኛው ጥንድ የዎልፍ ቱቦ ይባላል። መጀመሪያ የጊዜያዊው ኩላሊት የሽንት መውረጃ ሆኖ ይሠራል፤ በወንድ ላይ በኋላ የዘር ፍሬ ማስተላለፊያ ይሆናል። (የሽንትና የመራቢያ አካላት ጎረቤት የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም፣ ሲፈጠሩም አብረው ነው።) ሁለተኛው የሙለር ቱቦ ነው። በሴት ላይ የማህፀን ቱቦዎችን፣ ማህፀንንና የብልትን የላይኛ ክፍል ይሠራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጽንስ ለሁለቱም መንገድ የሚሆን እቃ ይዞ ይነሳል፣ ከዚያ አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ይጠፋል።

ማን ነው የሚወስነው?

አልፍሬድ ዦስት የሚባል ፈረንሳዊ ወጣት ተመራማሪ ይሄን ለማወቅ ያደረገውን ነገር ስሙ። እርጉዝ ጥንቸል ትወሰዳለች። የጥንቸል እርግዝና 31 ቀን ገደማ ነው። በ19ኛው ቀን አካባቢ የእናቲቱን ሆድ ይከፍታል፣ ማህፀኗን ይከፍታል፣ ከዚያ የጣት ጫፍ ከምታህል ጽንስ ውስጥ ገና እየተሠሩ ያሉትን የዘር ፍሬዎች ቆርጦ ያወጣል፤ መልሶ ይሰፋና ጽንሱ እዚያው ማህፀን ውስጥ እድገቱን እንዲቀጥል ያደርጋል። ይሄ ሁሉ ዛሬ ያለው መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ነው።

ውጤቱን በ1947 አሳተመ። የዘር ፍሬያቸው የወጣባቸው ወንድ ጽንሶች በሙሉ የሴት አካል ይዘው አደጉ። ማህፀን ሁሉ ሠሩ። ከሴት ጽንሶች እንቁልጢ ሲያወጣ ግን ምንም አልተለወጠም፣ ሴት ሆነው ቀጠሉ። ቀዶ ጥገናውን ጥቂት ቀን ሲያዘገየው ደግሞ ግማሽ ወንድ ግማሽ ሴት የሆነ አካል አገኘ። ሰዓቱ ወሳኝ ነው ማለት ነው፤ በር አለ፣ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ቀጥሎ ዦስት የዘር ፍሬውን አውጥቶ በቦታው የወንድ ሆርሞን ማለትም ቴስቶስትሮን አኖረ። የዎልፍ ቱቦ ተረፈ፣ ውጫዊው አካል ወንድ ሆነ። ግን የሙለር ቱቦ አልጠፋም! ወንድም ሆኖ ማህፀን አለው። ስለዚህ የዘር ፍሬው አንድ ሳይሆን ሁለት መልእክት ይልካል፤ አንዱ «ይሄን ሥራ» ይላል፣ ሌላው «ያንን አፍርስ» ይላል። ሁለተኛውን መልእክት ፓሪስ ውስጥ ናታሊ ዦሶ የተባለች የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቿ ለብዙ ዓመታት ተከታተሉት። ዛሬ ጸረ ሙለር ሆርሞን ይባላል፤ ጂኑ በ1986 ተለይቶ ታወቀ። የቺካጎዋን መካን ጊደር ማህፀን የሚያጠፋውም በዋናነት ይሄው ነው። ውጪዋ ሴት ሆኖ ውስጧ የተበላሸው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ላርም። ከዦስት በኋላ ብዙ መጻሕፍት «ሴትነት ምንም ሳይደረግ በራሱ የሚመጣ ነው» ብለው ጻፉ። ይሄ አያስኬድም። በ2017 የታተመ የአይጥ ጥናት እንዳሳየው፣ በሴት ጽንስ ውስጥ የዎልፍ ቱቦ ዝም ብሎ አይሞትም፤ እንዲጠፋ የሚያደርግ ጂን አለ። ሴትም ትሠራለች እንጂ ትርፍ አይደለችም። ይሄ ጂን የሚሠራው የት መሰላችሁ? ቱቦው ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ሕብረ ህዋስ ውስጥ። በጎረቤቱ። ይሄ «ጎረቤት» የሚባለው ነገር ነው የታሪኩ እምብርት።

▪️ ሰሚው ማነው?

እስካሁን ያልነው መልእክት ላኪውን ነው። መልእክት ግን ሰሚ ካላገኘ ምን ዋጋ አለው?

በ1970 እንግሊዝ ውስጥ ሜሪ ላየንና ሱዛን ሆክስ አንድ የተለየ የአይጥ ዝርያ ይፋ አደረጉ። በክሮሞሶሙ ወንድ ነው፣ የዘር ፍሬ አለው፣ ቴስቶስትሮን ያመነጫል። ግን ከውጪ ሴት ነው። ለምን? ህዋሶቹ ቴስቶስትሮንን የሚቀበሉበት ተቀባይ ተበላሽቷል። ሬዲዮ ጣቢያው ያስተላልፋል፣ ቤት ያለው ሬዲዮ ግን አይዝም። ሰው ላይም እንዲህ ያለ ሁኔታ ይታወቃል፤ ክሮሞሶማቸው የወንድ ሆኖ ሴት ሆነው የተወለዱ፣ ሴት ሆነው የሚኖሩ ሰዎች አሉ።

እንግዲህ ወደ ጡት ጫፉ መጣን።

ወንድ አይጥ የጡት ጫፍ የለውም። አይጥ ላይ አምስት ጥንድ የጡት ቡቃያ በሴትም በወንድም ጽንስ ላይ ይወጣል። በወንዱ ግን በ14ኛው ቀን ገደማ ከዘር ፍሬው ቴስቶስትሮን ሲመጣ በቡቃያው ዙሪያ ያለው ሕብረ ህዋስ ይሰበሰብና አንገቱን አንቆ ከቆዳው ይቆርጠዋል።

ጥያቄው ይሄ ነው፦ ቴስቶስትሮኑን የሰማው ማነው? የሚሞተው ቡቃያ ወይስ የሚያንቀው ጎረቤት? ኦስትሪያዊው ክላውስ ክራቶክቪልና ባልደረባው ሽዋርትዝ በ1976 ይሄን በሚያምር ሙከራ መለሱት። ቡቃያውን ከአንድ አይጥ፣ ጎረቤቱን ከሌላ አይጥ ወስደው ገጣጠሙ። ቡቃያው የማይሰማው ዝርያ፣ ጎረቤቱ ጤነኛ ሲሆን ቡቃያው ታንቆ ተቆረጠ። ቡቃያው ጤነኛ፣ ጎረቤቱ የማይሰማው ሲሆን ግን ምንም አልሆነም። ስለዚህ ሆርሞኑ የሚናገረው ለጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ ነው ፍርዱን የሚያስፈጽመው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደታየው፣ ጎረቤቱ ቴስቶስትሮንን የሚሰማበትን ተቀባይ እንዲያበቅል የሚያደርገው ራሱ የጡት ቡቃያው ነው። ቡቃያው ለጎረቤቱ ጆሮ ይሰጠዋል፣ ጎረቤቱ በዚያው ጆሮ ትእዛዝ ሰምቶ ቡቃያውን ያንቀዋል። የተረት አይመስልም?

በሰው ላይስ? የጡት መሠረት የሚጣለው የዘር ፍሬ ቴስቶስትሮን ማመንጨት ከመጀመሩ በፊት ነው፣ ለሁለቱም ጾታ እኩል። ቴስቶስትሮኑ ሲመጣ ደግሞ እንደ አይጡ አንቆ የሚቆርጥ ጎረቤት የለንም። ስለዚህ ይቀራል። ተማሪዎቼ፣ መልሱ ይሄው ነው፦ ወንድ የጡት ጫፍ ያለው ስለሚጠቅመው ሳይሆን፣ ወንድና ሴት አንድ ሆነው ስለሚነሱና ያንን የሚያፈርስ ትእዛዝ ስለሌለ ነው።

ጎረቤት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ሁለት ምሳሌ ልጨምር። ጃፓናዊቷ ቴሩዮ ሳካኩራ በ1976 ከባልደረቦቿ ጋር የአይጥ ጡት ህዋስ ወስዳ ከምራቅ እጢ ጎረቤት ጋር አገናኘችው። ቅርንጫፉ ልክ እንደ ምራቅ እጢ ሆኖ አደገ፤ ህዋሱ ግን የጡት መሆኑን አልረሳም፣ የወተት ፕሮቲን ማምረት ቻለ። ቅርጹን ከጎረቤት ወሰደ፣ ማንነቱን ከራሱ። አሜሪካዊው ጄራልድ ኩንሃ ደግሞ ያደገ አይጥ የሽንት ፊኛን ውስጠኛ ሽፋን ወስዶ ፕሮስቴት ከሚያሠራው የጽንስ ሕብረ ህዋስ ጋር አጣመረው። ሥራውን ጨርሶ የተቀመጠው የፊኛ ሽፋን ፕሮስቴት የመሰለ እጢ ሠራ! «ጎረቤትህን ንገረኝና ማንነትህን ልንገርህ» የሚባለው ለህዋስም ይሠራል ማለት ነው፣ ቢያንስ ግማሹ።

▪️ 1947

አሁን ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነጥብ አምጧት።

በ1938 እንግሊዛዊው ቻርልስ ዶድስና ባልደረቦቹ በላቦራቶሪ የተሠራ፣ እንደ ሴት ሆርሞን የሚሠራ ኬሚካል አገኙ። ስሙ ረጅም ነው፣ ባጭሩ ዲኢኤስ ይባላል። ርካሽ ነው፣ በአፍ ይዋጣል፣ ባለቤትነቱም አልተመዘገበም፤ ስለዚህ የፈለገ ፋብሪካ ሁሉ አመረተው። ቦስተን ውስጥ ኦሊቭ ስሚዝና ጆርጅ ስሚዝ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ዲኢኤስ ውርጃን ይከላከላል ብለው አመኑ። በ1947 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚሁ አገልግሎት ፈቀደው።

1947! ዦስት የጽንስ አካል በሆርሞን እንደሚሠራ፣ የሚሠራበትም ጊዜ የተወሰነ እንደሆነ ያሳተመበት ዓመት። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ «የጽንስ ሆርሞን የማይነካ ነገር ነው» የሚያሰኝ ማስረጃ ሲያወጣ፣ ውቅያኖስ ማዶ ደግሞ ሆርሞን የሚመስል ክኒን ለነፍሰ ጡር ተፈቀደ። ሁለቱ ነገሮች መንገድ ላይ ተላለፉ፣ ሰላምታ እንኳን አልተለዋወጡም።

በ1953 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዊሊያም ዲክማንና ባልደረቦቹ ነገሩን በሚገባ ፈተሹት። ግማሾቹን ነፍሰ ጡሮች ዲኢኤስ፣ ግማሾቹን ምንም የሌለበት ክኒን ሰጥተው አወዳደሩ። ውጤት፦ ዲኢኤስ ውርጃን አይከላከልም። ልብ በሉ፣ ይሄ ሊሊ የጊደሯን ምስጢር የፈታበት ዩኒቨርሲቲ ነው። በደም የሚጓዝ ሆርሞን ጽንስን እንደሚቀይር ያሳየው ተቋም፣ አሁን ደግሞ ክኒኑ ጥቅም እንደሌለው አሳየ። ማን ሰማ? ሐኪሞች ማዘዝ ቀጠሉ፣ ማስታወቂያዎቹም ምንም ችግር የሌለባት ነፍሰ ጡር ሳትቀር እንድትወስደው ይመክሩ ነበር። ከዚያ በኋላ 18 ዓመት ሙሉ!

በ1960ዎቹ መጨረሻ ቦስተን ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር ታየ። በአረጋውያን ላይ እንኳን ብርቅ የሆነ የብልት ካንሰር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ባሉ ልጃገረዶች ላይ መጣ። ሐኪሞቹ ግራ ገባቸው። ከታማሚዎቹ የአንዷ እናት ናት ሐኪሙን ሃዋርድ ኡልፌልደርን የጠየቀችው፦ እሷን ሳረግዝ የወሰድኩት ክኒን ይሆን?

ከእናት የመጣ ጥያቄ ነው። ኡልፌልደር መጀመሪያ ብዙ ቦታ አልሰጠውም፣ በኋላ ግን ሌሎቹንም እናቶች ጠየቁ። አርተር ኸርብስት፣ ኡልፌልደርና ፖስካንዘር ውጤቱን በ1971 አሳተሙ። ከ8 ታማሚ ልጃገረዶች የ7ቱ እናቶች በእርግዝናቸው ዲኢኤስ ወስደዋል። ለማወዳደሪያ ከተመረጡት 32 ጤነኛ ልጆች እናቶች ግን አንዷም አልወሰደችም። በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለነፍሰ ጡር እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ይሰጥ ነበር።

ካንሰሩ የያዘው ከተጋለጡት ሴት ልጆች ከሺህ አንዷን ያህል ነው። ከዚያ እጅግ የበዙት ግን ቅርጹ የተለወጠ ማህፀን ይዘው ተወለዱ፣ መውለድ አቃታቸው ወይም ያለጊዜው ወለዱ። እናቶቹ ልጅ እንዳይወርድ ብለው የዋጡት ክኒን፣ ልጆቻቸው ሲያድጉ ጽንስ የሚያስወርድ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱስ? መልሱ ያው ጎረቤቱ ጋ ነው። በጤነኛ ጽንስ የሙለር ቱቦ ሽፋን ከታችኛው ጫፍ ላይ «አንተ እዚህ ማህፀን አትሆንም፣ ብልት ሁን» የሚል መልእክት ከጎረቤቱ ይቀበላል። ዲኢኤስ በዚያች በጠባቧ በር ሰዓት ገብቶ ንግግሩን አወከው። መልእክቱ ያልደረሳቸው ህዋሶች ቦታቸውን ሳይለቁ ማንነታቸውን ሳይቀይሩ ቀሩ። ልጅቷ ተወልዳ፣ ድክ ድክ ብላ፣ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ጎርምሳ... ችግሩ ሲገለጥ ክኒኑ ከተዋጠ ወደ ሃያ ዓመት ሆኖታል።

▪️ እንግዲህ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ አካላችን የሚሠራው በአንድ አዛዥ ትእዛዝ አይደለም። ክሮሞሶም አለ፣ ሆርሞን አለ፣ ተቀባይ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ሰዓት አለ። ከእነዚህ አንዱ ትንሽ ከተዛነፈ ጾታው በግልጽ ያልለየ ሕፃን ሊወለድ ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ በየመንደሩ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ እርግማን ነው፣ እናቲቱ አንድ ነገር አድርጋለች ይባላል። እናቲቱ ምንም አላደረገችም። በሁላችንም ላይ ከተካሄደ በጣም ረቂቅ ንግግር ውስጥ አንድ ቃል ተዛብቶ ነው። የሚያስፈልገው ሐኪም ነው እንጂ ሐሜት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ነፍሰ ጡር እህት፣ ሚስት፣ ጎረቤት ያላችሁ፦ «ለእከሊት ተሽሏታል» ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛ ክኒን አይዋጥ። ሐኪም ያዘዘውንም ቢሆን «ለጽንሱ ይሆናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ መብት ነው። ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ጠይቁ ነው ያልኩት።

ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ እውቀት አልጠፋም ነበር። በ1916 ቺካጎ ላይ ነበረ፣ በ1947 ፓሪስ ላይ ነበረ፣ በ1953 እንደገና ቺካጎ ላይ ነበረ። የጠፋው ሰሚ ነው። በመጨረሻም ወደ መልሱ የመራው የአንዲት ልጇ የታመመባት እናት ጥያቄ ነው፣ እሱም ቆይቶ የሚሰማው ስላገኘ።

ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «የማይረባ» ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ሲኖር አትሳቁበት።

ቸር ያሰንብተን። አስተያየትና ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ለሚጠቅመው ሰውም አጋሩት።